«ፖምፓው ነው» ከመባሉ በፊት፦ የሃርድቶፕ ላንድክሩዘርን የናፍጣ መስመር በራስ እጅ መጠገን

የናፍጣ መኪና ይዞ ገጠር የሚወጣ ሰው «ፖምፓው ነው» የሚለውን ፍርድ ሳይሰማ አይቀርም። ፖምፓ ማለት ናፍጣን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ፓምፕ ነው። ጠዋት አልነሳም ሲል ፖምፓው ነው። ዳገት ላይ ሲደክም ፖምፓው ነው። ጥቁር ጭስ ሲያወጣም፣ ነጭ ጭስ ሲያወጣም፣ ጭራሽ ጭስ የሚባል ሲጠፋም ያው ፖምፓው ነው። ፖምፓ ማውረድ ግን ቀልድ አይደለም። ታይሚንጉ፣ ናፍጣ የሚረጭበት ቅጽበት ማለት ነው፣ ይነካል፣ መኪናው ይቆማል፣ ፖምፓው በሰው እጅ አዲስ አበባ ይላካል። እስኪመለስ የሚወጣው ወጪ ደግሞ ለብቻው ነው።

ቱሪስት ይዤ ደቡብና አፋር ስመላለስ የገባኝ ነገር ቢኖር ፖምፓ እንደሚወራበት ቶሎ እንደማይሞት ነው። አብዛኛው ጣጣ ከፖምፓው በፊት ያለ ነው። ከናፍጣ ታንከሩ ከሰልባትዮው እስከ ማጣሪያው ፊልትሮ ባለው መስመር ላይ፣ በርካሽ ጎማ፣ በላላ ክላምፕ፣ በደረቀ የጎማ ቀለበት (ኦሪንግ) ነው የሚመጣው። ይህን ደግሞ ጥቂት ቁልፍና ትዕግሥት ያለው ሰው መንገድ ዳር ሊያገኘው ይችላል።

መጀመሪያ ስለ የትኛው መኪና እንደማወራ ልናገር። የእኔ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ሃርድቶፕ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው። ቶዮታ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1990 ነው ያወጣው። እኛ አገር በእርዳታ ድርጅቱም፣ በጤና ጣቢያውም፣ በአስጎብኚውም ግቢ የምታዩት እሱን ነው። ፖምፓው ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር የለውም። ኮመንሬይል የሆኑት፣ ናፍጣ በኮምፒውተር የሚረጩት አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ግን ሌላ ዓለም ናቸው። እነሱ ላይ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር ወደሚረጨው ኖዝል በሚሄደው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይሄዳል። ከዚህ በታች ስለ ኖዝል ቱቦ መፍታት የምለውን እነሱ ላይ እንዳትሞክሩት። በአካል ላይ ጉዳት ያደርሳል።

አሁን መስመሩን እንከተል። ናፍጣው ከሰልባትዮው ወንፊት ባለው መምጠጫ ይነሳል። በሻሲው ላይ በተዘረጋው የብረት ቱቦ ይሄድና ሞተሩ አጠገብ በጎማ ቱቦ ወደ ፊልትሮው ይገባል። ፊልትሮው ላይ አየር የሚወጣበት የእጅ ፓምፕ አለ። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው ያልፋል። ፖምፓው በውስጡ የራሱ መምጠጫ አለው፤ ሞተሩ ሲሠራ የሚያግዘው ሌላ ፓምፕ የለም። ከዚያ በስድስት ወፋፍራም የብረት ቱቦዎች ወደ ኖዝሎቹ ይገፋዋል። ከፖምፓውና ከኖዝሎቹ የተረፈው በመመለሻ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል።

እዚህ ላይ የሚያዝ ነገር አለ። ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ድረስ ያለው መስመር ይመጥጣል እንጂ አይገፋም። የተቀደደ ቦታ ካለ ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። በተሰነጠቀ ስትሮ ለስላሳ የጠጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ስለዚህ «ከመኪናው ስር ምንም ጠብታ የለም፣ መስመሩ ደህና ነው» ማለት አያስኬድም። ላዩ ደረቅ ሆኖ የተቀደደ ቱቦ ነው አስቸጋሪው።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ጭሱን ተመልከቱ። ማስነሻው ሞተሪኖ እያዞረ ከጭስ ማውጫው ማርሚታ ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም ማለት ነው። ነጭ ጭስ እየወጣ የማይነሳ ከሆነ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም። ብዙውን ጊዜ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው ካንዴሊቲ ነው፤ ወይ ደግሞ ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው በዝግታ እያዞረ ነው። ተነስቶ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ የሚጠፋ፣ ከዚያ ብዙ ካዞሩት በኋላ እንደገና የሚነሳ ከሆነ አየር ነው። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ሲረገጥ የሚታነቅ ከሆነ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይ መምጠጫው ተዘግቷል፣ ወይ አየር እየገባ ነው። ጥቁር ጭስ የናፍጣ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው፤ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አራግፉ። ባሌ ሳኔቲ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆናችሁ ጥቁር ጭስ ካያችሁ ደግሞ አትደንግጡ። እዚያ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ወደ ጎባ ወይም ወደ ዶሎ መና ስትወርዱ ይተዋችኋል።

ወደ ዋናው ፈተና ልግባ። እኔ የጀሪካን ሙከራ እለዋለሁ፤ ከሁሉም በላይ ገንዘብ ያዳነልኝ እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ከወይጦ ወደ ቀይ አፈር ስወጣ መኪናው ደከመ። ወይጦ ሜዳው ላይ ምንም አልነበረውም። ዳገቱን ሲይዝ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንኳ እየተቆራረጠ ነው የወጣልኝ። እንግዶቹ ከኋላ ጸጥ ብለዋል፤ ጸጥ ያለ እንግዳ ከሚጮኸው ይብሳል። በደረስንበት ከተማ ያለ አንድ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጋዝ ሁለቴ አስረገጠኝ።

«ፖምፓው ነው፣ ወንድሜ። ይውረድና አዲስ አበባ ይላክ።»

«ጀሪካን አለህ?» አልኩት።

«ናፍጣ ጨርሰሃል እንዴ?»

«ኧረ ለሌላ ነው።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ጣሪያ ላይ ካለው ፖርታ ባጋሊዮ ጋር ይታሰራል። ጥሩ አድርጋችሁ እሰሩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ውስጡ ይገባና ሌላው ጫፉ ወደ ፊልትሮው በሚገባው ቱቦ ምትክ ይሰካል። ከሻሲው የመጣውን ቱቦ ጫፍ በቡሎን ድፈኑት። አሁን ናፍጣው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ መምጠጥ ቀረ። በእጅ ፓምፑ አየሩን አውጡና አስነሱ። ከዚያ ዳገት ፈልጋችሁ ንዱት።

መኪናው ጉልበቱ ከተመለሰ ፖምፓውም ፊልትሮውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ከፊልትሮው በስተኋላ ነው። ካልተመለሰ ቱቦውን ከፊልትሮው አሳልፋችሁ በቀጥታ ፖምፓው መግቢያ ላይ ስኩት። ለዚህኛው ናፍጣው የግድ የተጣራ መሆን አለበት፤ የሚያጣራለት የለምና። አሁን ከዳነ ፊልትሮው ነው። አሁንም ካልዳነ ብቻ ነው ፖምፓን ወይም ኖዝልን መጠርጠር የሚቻለው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፖምፓው የተረፈውን ወደ ሰልባትዮው ስለሚመልስ ጀሪካኑ ከምታስቡት በላይ በፍጥነት ይጎድላል። «ናፍጣ በላ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ሰልባትዮው ውስጥ ታገኙታላችሁ።

የእኔ መኪና ጀሪካኑ እንደተሰካለት የከተማዋን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣ። ከዚያ ፍለጋው ቀላል ሆነ። የሻሲው የብረት ቱቦ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጎማው በክላምፑ ስር ተሰንጥቆ ነበር። ላዩ ሲታይ ጤነኛ ነው። ክላምፑን ፈትቼ ጎማውን ሳጥፈው አፉን ከፈተ። ጫፉን ቆርጬ ጥዬ፣ በቀረው ላይ መልሼ አጠበቅሁት። መካኒኩም ሳቀ፣ እኔም ለጀሪካኑ የሻይ ሰጠሁት። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ የለመደውን ነው ያለኝ።

አየር የሚገባበትን ቦታ ለማግኘት ሌላ ቀላል ዘዴም አለ። ማታ ስታቆሙ አንድ ቀን አፍንጫውን ወደ ዳገት፣ ሌላ ቀን ወደ ቁልቁለት አድርጉት። ወደ ቁልቁለት ሲያድር ጠዋት ቶሎ የሚነሳ፣ ወደ ዳገት ሲያድር የሚያስቸግር ከሆነ መስመሩ አየር እያስገባ ናፍጣው ሌሊት ወደ ሰልባትዮው እየተመለሰ ነው። ከዚያ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ያለውን ጎማ አውጥታችሁ ብርሃን የሚያሳልፈውን ቱቦ አስገቡ። ሞተሩ እየሠራ አረፋ ሲያልፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከተነሳ በኋላ ትንሽ አረፋ ታይቶ መጥፋቱ ምንም አይደለም። ሳያቋርጥ የሚመጣ ከሆነ ወደኋላ እየሄዳችሁ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ፈትሹ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቦታ ፊልትሮው ራሱ ነው። ከላይ ያለው የእጅ ፓምፕ በውስጡ ጎማ አለው፤ ያረጃል። ዙሪያው ረጥቦ አቧራ ከያዘ ጠርጥሩት። ስትጫኑት እያደር መጠንከር አለበት። መቼም የማይጠነክር ከሆነ ወይ አየር እየሳበ ነው ወይ ቫልቩ አልቋል። ከታች ደግሞ የውኃ መጠን የሚያሳውቀው ሴንሰር አለ። ፊልትሮ ሲቀየር ሴንሰሩ ከአሮጌው ወጥቶ አዲሱ ላይ ይገባል፤ ኦሪንጉ ግን አዲስ መሆን አለበት። አሮጌውን ኦሪንግ መልሶ ማስገባት ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖ ማስለቀስ ነው።

ስለ ጎማ ቱቦ አንድ ቃል። ናፍጣ የማይበላው ቱቦ ግዙ። የውኃ ቱቦም የአትክልት ቱቦም ናፍጣ ያሳብጠዋል፤ ወይ ያደርቀዋል። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ውፍረቱን እያስተያያችሁ ምረጡ። የጎማ የውስጥ ካላማዳሪያ ቆርጦ መጠምጠምም የአገራችን ሾፌር ሁሉ ባህል ነው። አልንቀውም። ከበረሃ ያወጣል። ግን ናፍጣው ያለሰልሰዋል፣ ቆይቶ ይላቀቃል። ከተማ እንደገባችሁ ፍቱት።

ፊልትሮ መቀየር ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። አዲሱን ፊልትሮ ናፍጣ ሞልተው የሚያስገቡ አሉ፤ ቶሎ እንዲነሳላቸው ብለው። እኔ አልስማማም። ከዚህ ፊልትሮ በኋላ ያለው ፖምፓው ብቻ ነው። በመካከለኛው ቀዳዳ ያፈሰሳችሁት ቆሻሻ ሳይጣራ በቀጥታ ፖምፓው ውስጥ ይገባል። ባዶውን አስገቡት፣ የጎማ ማሸጊያውን ጋርኒሲዮን ናፍጣ ቀቡት፣ በእጅ አጥብቁት። ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል። ከዚያ የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ተጫኑ። እጅ ያደክማል እንጂ ከዚያ ያለፈ ጉዳት የለውም። የእኔን ፊልትሮ ከተማ ብቻ ስውል በየ10,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ፤ በበርሜል ናፍጣ ወደሚኬድበት አገር ከወጣሁ እንደተመለስኩ እቀይረዋለሁ። ኮፒው በየቦታው ስለሆነ ስትገዙ ክፈቱና እዩት። የወረቀቱ እጥፋት እኩል ካልሆነ፣ ጋርኒሲዮኑ ስስና የሚንቀሳቀስ ከሆነ ርካሽነቱ አያታልላችሁ።

ውኃ ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባል። ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀልል ውኃው ሁልጊዜ ከታች ነው። ፊልትሮው ስር ያለውን ማፍሰሻ ጥቂት ዙር ላላ አድርጋችሁ የእጅ ፓምፑን ተጫኑ፤ የሚወርደውን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበሉ። ኦሞ ውስጥ ልጆች መኪና ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የሚሉለት ጠርሙስ ለሾፌርም ትልቅ መሣሪያ ነው። ጥቂት ደቂቃ አቁማችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። ከስር የተለየ መስመር ካለ ውኃ ነው። ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ አፍሱ፣ ከዚያ ማፍሰሻውን ዝጉና አየር አውጡ። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ መብራት እየነዳችሁ ከበራ «ማታ አያለሁ» አትበሉ። የፖምፓው ውስጥ የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው፤ ዘይት የለውም። ውኃ የገባበት ፖምፓ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ይዝጋል። ያኔ «ፖምፓው ነው» የሚለው ፍርድ እውነት ይሆናል።

ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም ጉዳቱ ከዚሁ ነው። ላምባ ይነዳል እንጂ አያለሰልስም። ላምባ ከናፍጣ በሚረክስበት ጊዜ የሚቀላቅል ሰው አይጠፋም። ሽታው ይለያል፣ በጣት ሲታሸ ደረቅ ነው፣ ሞተሩም ይንቋቋል። ቀድታችሁ ከሆነ ጥሩ ናፍጣ ጨምሩበትና ቶሎ ጨርሱት።

ማደያ በሌለበት ወይም ማደያው ባዶ በሆነበት ቦታ ከበርሜል መቅዳት አይቀርም። ከመቅዳታችሁ በፊት ከበርሜሉ ታች በቱቦ ትንሽ አስወጡና በሃይላንድ እዩት። ከላይ ያለው ሁልጊዜ ንጹሕ ይመስላል። ጀሪካን ከሆነ ሳይንቀሳቀስ ይቆይ፣ ሲቀዳም የመጨረሻውን ጥቂት ሊትር ተዉት። በሻሽና በነጠላ የሚያጣሩ አሉ። ጨርቅ አሸዋ ይይዛል፣ ውኃ ግን አይይዝም፤ ክሩ ደግሞ እየተነቀለ የሰልባትዮውን ወንፊት ይደፍናል። ደቃቅ የብረት ወንፊት ይሻላል።

ሁለት ሰልባትዮ ያለው ሃርድቶፕ ካላችሁ ይህን ተጠቀሙበት። የምትጠራጠሩትን ናፍጣ በሁለተኛው ውስጥ ብቻ ቅዱ። ሜዳ ላይ ሆናችሁ ወደ እሱ ቀይሩና ሞክሩት። ሞተሩ ከተቆራረጠ ወዲያው ወደ መጀመሪያው ትመልሳላችሁ። ሁለቱንም በአንድ ናፍጣ የሞላ ሰው ግን የሚመለስበት የለውም። መቀየሪያው ቫልቭ መምጠጫውንም መመለሻውንም አብሮ ነው የሚቀይረው። ግማሹ ከተጣበቀ ከአንዱ እየጠጣ ወደ ሌላው ይመልሳል። አንደኛው ሰልባትዮ ሳትቀዱበት እየሞላ ከሄደ ምክንያቱ እሱ ነው።

በብርድ አገር ስታድሩ ሰልባትዮውን ሙሉ አድርጋችሁ እደሩ። ግማሽ ባዶ ከሆነ በባዶው ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ይቀዘቅዝና ውኃ ይሆናል። የሰልባትዮውን መተንፈሻም አትርሱ። ጭቃና አቧራ ይደፍነዋል። መኪናው ደህና ተጉዞ ቆይቶ እየደከመ ከመጣ ክዳኑን ክፈቱት። አየር «ሽሽሽ» ብሎ ከገባና ጉልበቱ ከተመለሰ መተንፈሻው ነው። ለጊዜው ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ መሄድ ይቻላል። ወንዝ ካለ ግን አይሆንም።

ድንጋይ ሰልባትዮውን ከቀደደው ሳሙና ይያዙ። ተራ የልብስ ሳሙና፣ ደረቁን፣ ስንጥቁ ላይ እስኪሞላ ድረስ ማሸት ነው። ናፍጣ ሳሙናን አያሟሟም። ከላይ ጨርቅ አድርጋችሁ ብታስሩት እስከ ከተማ ያደርሳል። ሰልባትዮ ማስበየድ ግን በጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ባዶ ነው እኮ» የሚባለው ነው አደገኛው። የሚፈነዳው ናፍጣው ሳይሆን በውስጡ የቀረው ጋዝ ነው። ተፈትቶ፣ በደንብ ታጥቦ፣ ውኃ ተሞልቶ ካልሆነ በአጠገቡ አልቆምም።

አየር ማውጣት እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ተጫኑ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልተነሳ የኖዝል ቱቦዎቹን ማሰሪያ ዳዶ በ17 ቁልፍ ኖዝሉ ጋ ላላ አድርጉ፤ ሦስቱን ብታላሉ ይበቃል። ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። አረፋ፣ ከዚያ ናፍጣ ብቻ ሲወጣ አጥብቁ። ሞተሪኖውን ከ15 ሰከንድ በላይ ሳታቋርጡ አታዙሩ፤ ይቀዝቅዝ። እጃችሁን ከሚረጨው ፊት አርቁ። ኖዝል የሚከፈተው ወደ 150 ባር ግፊት ላይ ነው፤ በዚህ ግፊት የተረጨ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይመስላል፣ ግን ያለ ሐኪም የማይድን ቁስል ነው። የት እንደሚያፈስ ለማየት ካርቶን ያዙበት።

ፖምፓው ላይ ቱቦ የሚይዙት ቀዳዳ ያላቸው ቡሎኖች ይመሳሰላሉ። የመመለሻው ላይ «አውት» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀርጿል፤ ቀዳዳውም ጠባብ ነው። የፖምፓውን የውስጥ ግፊት የሚጠብቀው እሱ ነው። ከመግቢያው ቡሎን ጋር ከተለዋወጠ መኪናው ምክንያቱ የማይታወቅ በሽታ ይይዘዋል። ከቡሎኑ ጋር የሚገባ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ከሌላችሁ አሮጌውን እሳት ላይ እስኪቀላ አግላችሁ ውኃ ውስጥ ብትነክሩት ይለሰልስና እንደገና ይሠራል። አሉሚኒየም ከሆነ ግን አትሞክሩት፣ ይቀልጣል።

ከናፍጣ ውጭ ሆኖ ናፍጣ የሚመስል አንድ ሌላ ነገር አለ። ፖምፓው ላይ ናፍጣ የሚከፍትና የሚዘጋ ሶሌኖይድ አለ፤ አንድ ሽቦ የምትገባበት። ቁልፍ ስትከፍቱ «ጠቅ» ማለት አለበት። ካላለ ሽቦውን፣ ፊውዙን እዩ። ከባትሪው በቀጥታ መብራት ስጡትና ስሙት፤ መጀመሪያ ግን የመኪናው ባትሪ 12 ቮልት ይሁን 24 አረጋግጡ። ሶሌኖይዱ ራሱ ከሞተ ተፈትቶ ውስጡ ያለችው ትንሽ ብረትና ስፕሪንግ ወጥታ መልሶ ቢታሰር መኪናው ይነሳል። ግን በቁልፍ አይጠፋም። ለማጥፋት ፍሬን ይዛችሁ በትልቅ ማርሽ ፍሪሲዮን ትለቃላችሁ። የወጣችውን ብረት በወረቀት ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ መሬት ላይ ያስቀመጣችሁት ነገር አፋር አሸዋ ውስጥ አይገኝም።

ኖዝል የትኛው እንደታመመ ማወቅም ይቻላል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የአንዱን ቱቦ ዳዶ በጨርቅ ሸፍናችሁ ላላ አድርጉ። ድምፁ ከተበላሸ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር። ድምፁ ካልተለወጠ የታመመው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኔ ሥራ አይደለም። ኖዝል ወደሚሞክር ባለሙያ ወስዶ በመሣሪያ እንዴት እንደሚረጭ ማየት ነው። ሲመለስ ደግሞ ስሩ ያለው ሮንዴላ አዲስ ይሁን።

ፖምፓው ኋላ ላይ ያለውን የናፍጣ መጨመሪያ ቡሎንም አልነካም። «ጉልበት እንጨምርለት» የሚል መካኒክ ሲመጣ እጁን እይዛለሁ። ጉልበት ይጨምራል፤ ጥቁር ጭስና ሙቀትም ይጨምራል፤ ቆይቶ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ቴስታታው ይሰነጠቃል። በ2016 ዓ.ም ከኤሌክትሪክ በቀር አዲስ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ያለንን አሮጌ መኪና ነው ይዘን የምንዘልቀው።

ከወንበሬ ስር ሁልጊዜ የሚገኘው ይህ ነው፦ ሁለት ፊልትሮ ከነኦሪንጉ፣ አንድ ሜትር ተኩል ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ፣ አንድ ሜትር የናፍጣ ጎማ፣ ክላምፕ በየመጠኑ፣ የመዳብ ሮንዴላ፣ 17 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ባዶ ሃይላንድና ደረቅ ሳሙና። ትርፍ የእጅ ፓምፕም ጨምሬበታለሁ፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ይገኛል። ስትገዙ ግን በአውራ ጣታችሁ መግቢያውን ደፍናችሁ ተጫኑት። ጣታችሁን መሳብ አለበት፤ ካልሳበ መልሱለት።